ከአንጎል ማነቃቂያ ቀዶ ሕክምና በኋላ የማሰብ ችሎታ ምን ይሆናል?

ትዕግሥት (ጠያቂ)፦
ጤና ይስጥልኝ። አባቴ ፓርኪንሰን ከያዛቸው ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ሌቮዶፓ የተባለው የበሽታው መድኃኒት አሁንም ይረዳቸዋል፤ ችግሩ የአንዱ ክኒን ኃይል ቶሎ ማለቁ ነው፤ ሲያልቅ ሰውነታቸው ይተሳሰራል፣ ሲበረታ ደግሞ እጅና እግራቸው ካለ ፈቃዳቸው ይወራጫል። ሐኪማቸው በአንጎል ውስጥ ኤሌክትሮድ ተተክሎ በኤሌክትሪክ የሚሰጠውን የማነቃቃት ሕክምና እንድናስብበት ነግረውናል። ለእንቅስቃሴያቸው የሚያስገኘው ጥቅም በሚገባ ተብራርቶልናል። እኔን ያሳሰበኝ ግን አእምሯቸው ነው፤ ዕድሜያቸውን በማስተማር የገፉ፣ ዛሬም ጋዜጣ አንብበው የሚከራከሩ ሰው ናቸው። የማስታወስ፣ የማሰብና የመናገር ችሎታቸው ይጎዳ ይሆን? ጉዳት ካለስ ምንጩ ቀዶ ሕክምናው ነው፣ ኤሌክትሪኩ ነው ወይስ በሽታው ራሱ?

ሰሎሞን፦
እህት ትዕግሥት፣ የፓርኪንሰን ታማሚዎችን የአእምሮ ብቃት መመርመር የዕለት ሥራዬ ስለሆነ የማውቀውን ላካፍልዎ። በጥንቃቄ ተመርጠው ለቀዶ ሕክምናው የቀረቡ ታማሚዎች አጠቃላይ የማሰብ ችሎታቸው በአብዛኛው እንደነበረ ይቆያል። በጥናቶች ደጋግሞ የሚታየው ለውጥ ቃላትን በፍጥነት የማውጣት ችሎታ መቀነስ ነው። ታማሚው በአንድ ደቂቃ ውስጥ የቻለውን ያህል የእንስሳት ስም፣ ቀጥሎም በአንድ ፊደል የሚጀምሩ ቃላትን እንዲጠራ ይጠየቃል። ቀድሞ ሳያቋርጥ ይዘረዝር የነበረ ሰው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ «ላም፣ በግ፣ ፍየል» ብሎ ለረጅም ጊዜ ዝም ሊል ይችላል። የዝሆን ሥዕል ቢያሳዩት ግን ስሙን ሳይቸገር ይነግርዎታል፤ የደከመው ቃሉን ፈልጎ የማውጣቱ ሥራ እንጂ ቃሉ አልጠፋም።

ምንጩን በተመለከተ፣ የጠቀሷቸው ሦስቱም ድርሻ አላቸው። የቃላት ፍጥነት መሣሪያው ገና ሳይበራ የሚቀንስባቸው ታማሚዎች አሉ፤ ይህም ኤሌክትሮዱ በአንጎል ውስጥ ያለፈበት መንገድ ራሱ አሻራ እንደሚተው ያሳያል። በተለይ ኮዴት ኒውክሊየስ የተባለውን ክፍል አቋርጦ ሲሄድ ጉዳቱ ከፍ ማለቱ ስለታየ፣ ቀዶ ሐኪሞች መንገዱን ሲያቅዱ ይህን ክፍል ለመሸሽ ይሞክራሉ። ኤሌክትሪኩን ስንመለከት ደግሞ፣ ብዙ ጊዜ ዒላማ የሚሆነው ሰብታላሚክ ኒውክሊየስ የተባለው የአንጎል ክፍል ከባቄላ ፍሬ እምብዛም የማይበልጥ ሲሆን፣ እንቅስቃሴን፣ ሐሳብንና ስሜትን የሚመለከቱ ክፍሎቹ ጎን ለጎን የተቀመጡ ናቸው፤ ስለዚህ ለእንቅስቃሴው የታሰበው ኃይል ወደ ጎረቤቱ ሊፈስ ይችላል። ይህኛው ግን የሚስተካከል ነው፤ ሐኪሙ ኃይሉን ይቀንሳል፣ ወይም ከኤሌክትሮዱ ነጥቦች ሌላውን ይመርጣል፤ አንዳንድ ጊዜም የኤሌክትሪኩን ምት ከተለመደው 130 ኸርዝ (በሰከንድ 130 ምት) ወደ 60 ዝቅ ያደርጋል።

አልማዝ፦
እኔ የምጽፈው እንደ ባለቤት ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባለቤቴ ያለ እርዳታ ሸሚዙን መቆለፍ ቻለ፤ ለእኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም በጥቂት ወራት ውስጥ ሬዲዮ መክፈት እንኳ የማያምረው፣ ካልጠየቁት የማይናገር ሰው ሆነ። አእምሮው ደከመ ብለን ደነገጥን። የነርቭ ሐኪሙ ግን የሌቮዶፓው መጠን በአንድ ጊዜ ብዙ በመቀነሱ የመጣ የፍላጎት ማጣት መሆኑን ገልጸው መድኃኒቱን በመጠኑ መለሱለት፤ ቀስ በቀስም ተሻለው። የንግግሩ መዘግየት ግን እስከ ዛሬ አለ። ልጆቹ ዐረፍተ ነገሩን ይጨርሱለት ስለነበር ዝም ማለቱን መረጠ፤ ይህን አቁመን ስንጠብቀው አሁን ራሱ ይጨርሳል።

ዮናስ፦
አቶ ሰሎሞን የጻፉት ትክክል ነው፤ ነገር ግን «እንደነበረ ይቆያል» የሚባለው በአማካይ ሲታይ መሆኑ ይሰመርበት። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ወይም ከመጀመሪያውም ትኩረታቸውና የማቀድ ችሎታቸው የደከመ ታማሚዎች ከአማካዩ በታች ሊወድቁ ይችላሉ፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ቀናት መደናገርም በእነርሱ ላይ ይበዛል። ግልጽ የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው ለዚህ ሕክምና አይመረጥም።

ቤተሰብ እምብዛም የማይነገረው ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም ችኩልነት ነው። በ2007 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ሁለት የሚቀራረቡ ምርጫዎች ሲቀርቡለት ሰው በተፈጥሮው ቆም ብሎ የሚያስብ ሲሆን፣ መሣሪያው የበራላቸው ታማሚዎች ግን እንዲያውም ፈጥነው እንደሚወስኑ አሳይቷል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ወራት ገንዘብንና ውልን የሚመለከቱ ውሳኔዎች ላይ ሁለተኛ ሰው ቢኖር መልካም ነው።

ትዕግሥት፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዒላማ የሚሆነውን የአንጎል ክፍል መምረጥ ይቻላል ማለት ነው? ሐኪሙን ምን ብዬ ልጠይቅ?

ሰሎሞን፦
ይቻላል። ሁለተኛው ዒላማ ግሎበስ ፓሊደስ ይባላል። በ2010 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት የታተመ፣ 299 ታማሚዎችን ያካተተ የአሜሪካ ጥናት ሁለቱን አወዳድሮ በእንቅስቃሴ ረገድ ተመሳሳይ ውጤት አግኝቷል፤ ሰብታላሚክ ኒውክሊየስ መድኃኒትን ይበልጥ ለመቀነስ ሲያስችል፣ የዓይንና የእጅ ቅንጅት በሚጠይቅ የአስተሳሰብ ፍጥነት መለኪያ ግን ይበልጥ የቀነሱት በዚሁ ወገን ያሉት ነበሩ። የአባትዎ ሥጋት አእምሮን የሚመለከት ከሆነ «ለምን ይህኛውን መረጡ?» ብለው መጠየቅ መብትዎ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ሙሉ የአእምሮ ብቃት ምርመራ ይደረግላቸው፤ ውጤቱንም በእጃችሁ ያዙ። በሽታው በራሱ መንገድ እንደሚቀጥል መዘንጋት የለበትም፤ በሲድኒ ታማሚዎችን ለ20 ዓመት የተከታተለ ጥናት በሕይወት ከቀሩት 83 በመቶው የመርሳት በሽታ እንደያዛቸው መዝግቧል። ከዓመት በኋላ ለውጥ ቢታይ፣ ከመሣሪያው ይሁን ከበሽታው ለመለየት ሐኪሙ የሚያስፈልጋቸው ያ የመጀመሪያው ውጤት ነው። ብዙ የሕክምና ክፍል ይህን ምርመራ በችኮላ በአሥር ደቂቃ ፈተና ያልፈዋል፤ ይህ አይበቃም፤ ትኩረትን፣ ማስታወስን፣ ማቀድንና ቋንቋን ለየብቻ የሚለካ ምርመራ ጠይቁ።