ለቤት ወርክሾፕ የሚሆን ሚግ የብየዳ ማሽን፦ በጋዝ ወይስ ያለ ጋዝ?

ባለ ቮልሱ፦

ጤና ይስጥልኝ። አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኘው የመኖሪያ ግቢያችን ውስጥ፣ ከዋናው ቤት ጀርባ በተሠራች ሦስት ሜትር በአራት ሜትር በሆነች የቆርቆሮ ክፍል፣ ማታ ማታና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብረት እሠራለሁ። እንጀራዬ ሌላ ቢሆንም፣ ላለፉት ስድስት ዓመታት በአንዲት አነስተኛ ኢንቨርተር የኤሌክትሮድ ማሽን የራሳችንንም የጎረቤቶቻችንንም በር፣ የመስኮት ፍርግርግና ወንበር ስበይድ ቆይቻለሁ። አሁን ግን ሁለት ሥራዎች ከዚህች ማሽን አቅም በላይ ሆነውብኛል።

አንደኛው ስስ አርኤችኤስ፣ ማለትም ውስጡ ክፍት የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት ነው፤ 1.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ባለ 20 በ20 ብረት በ2.5 ኤሌክትሮድ ገና ስነካው ይበሳል፣ ቀዳዳውን ለመድፈን ስሞክር ደግሞ ይብስ ይሰፋል። ሁለተኛው ከአባቴ የወረስኋት ቮልስ ናት። ከኋላ ወንበር ሥር ባትሪው የሚቀመጥበት ወለል በአሲድና በዝገት ተበልቶ፣ ወንበሩን ያነሣ ሰው የግቢያችንን ድንጋይ በቀዳዳው የሚያይበት ደረጃ ላይ ደርሷል። የቀሪው ወለል ላሜራ ውፍረት አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም።

ስለዚህ ሚግ ማሽን፣ ማለትም በኤሌክትሮድ ፈንታ ከጥቅል የሚመጣ ቀጭን ሽቦ እየገፋ የሚበይድ ማሽን፣ ለመግዛት ወስኛለሁ። ካየኋቸው መካከል አንዱ ያለ ጋዝ በፍለክስ ሽቦ የሚሠራ፣ አንድ ኪሎ ጥቅል ብቻ የሚይዝና በእጅ ተንጠልጥሎ የሚሄድ ሲሆን፣ ፊቱ ላይ 250 የሚል ቁጥር በትልቁ ተጽፎበታል። ሌላው በጋዝም ያለ ጋዝም የሚሠራ፣ አምስት ኪሎ ጥቅል የሚይዝ ነው፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል፣ በዚያ ላይ የጋዝ ቦምቦላና ግፊቱን የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ለብቻ ይገዛሉ። ቤታችን ነጠላ ፌዝ ሲሆን ዋናው ብሬከር 32 አምፔር ነው። አሁን ባለችኝ ማሽን እንኳ ስበይድ የሳሎኑ መብራት ይንቀጠቀጣል፣ እናቴም ምጣድ ከጣደች ሥራ ማቆም ግድ ይሆንብኛል። የትኛው ይሻለኛል? ስመርጥስ ከምን ልጀምር?

ላሜራ፦

እንኳን ደህና መጡ። እኔ የመኪና ቦዲ ሥራ ላይ ከኖርሁ ሃያ ዓመት አልፎኛል፤ እኛ ጋራዥ ቤት ሲኦቱ የምንለው እርስዎ ሚግ ያሉትን ነው። ለቮልሷ ከሆነ መልሴ አንድ ነው፦ በጋዝ የሚሠራውን ይውሰዱ።

ምክንያቱን ልንገርዎት። የፍለክስ ሽቦ እንደ ቱቦ ሆኖ በውስጡ ዱቄት የያዘ ሽቦ ነው፤ ዱቄቱ ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ የቀለጠውን ብረት ከአየር ይከላከልለታል። ይህ ነፋስ ባለበት ሜዳ ላይ፣ ለምሳሌ የግቢ አጥር ሲሠራ፣ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ነፋሱ ጋዙን ስለሚበትነው የጋዝ ማሽን እዚያ ይቸገራል። ነገር ግን ፍለክስ በስስ ላሜራ ላይ ሙቀቱ ይበዛል፣ ፍንጣሪው ዙሪያውን ይለጠፋል፣ በላዩም እንደ ኤሌክትሮድ የሚፈገፈግ ቅርፊት ይተዋል። ጭሱም ቀላል አይደለም፤ በእርስዎ ክፍል ስፋት አንድ ሰዓት ሠርተው ቢወጡ ልብስዎ ለሳምንት ይሸታል። በአንጻሩ 0.6 ወይም 0.8 ሚሊ ሜትር የሆነ ድፍን ሽቦ ከጋዝ ጋር ሲሠራ፣ አንድ ሚሊ ሜትር ላሜራ ላይ ለአንድ ሰከንድ ያህል ነክተው ሲለቁ ጠብታዋ ትቀመጣለች፣ አትበሳም። የወለል ሥራ በሙሉ እንዲህ ነው የሚሠራው፦ አንድ ነጥብ እዚህ፣ ቀጥሎ አንድ ነጥብ ከሃያ ሳንቲ ሜትር ወዲያ፣ ከዚያ ወደ መካከል መመለስ ነው። በአንድ ትንፋሽ መስመር ልሳብ ያለ ሰው ላሜራውን እንደ ማዕበል ያጣምመዋል።

ፍለክስ ሞክረው የጠሉት ብዙ ሰዎች ደግሞ ፖላሪቲውን ሳይቀይሩ ነው የሠሩት። በጋዝ ሲሠራ ሽቦው የሚወጣበት እጀታ፣ ማለትም ቶርቹ፣ ፖዘቲቭ ላይ፣ ብረቱ ላይ የሚቆነጠጠው ገመድ፣ ማለትም ማሳው፣ ኔጌቲቭ ላይ ይሆናል፤ ያለ ጋዝ በፍለክስ ሲሠራ ግን ይገላበጣል። ስለዚህ የሚገዙት ማሽን ፖላሪቲውን ለመለወጥ የሚያስችል መሆኑን በዓይንዎ ያረጋግጡ። አንዳንድ ትንንሽ የፍለክስ ማሽኖች ለአንዱ ብቻ ታስረው ስለሚመጡ፣ በኋላ ጋዝ ልጨምር ቢሉ አይሆንልዎትም።

ሌላው የምመክርዎት የጎን ክዳኑን ከፍተው ሽቦ የሚገፋውን ክፍል እንዲያዩ ነው። ሮለሩን የሚጫነው ክንድ ፕላስቲክ ከሆነ ጥቂት ወራት ሠርቶ ይላላል፣ ሽቦውም መንተባተብ ይጀምራል። ሮለሩ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ከሽቦው ውፍረት ጋር መግጠም አለበት፤ ለድፍን ሽቦ ለስላሳ ቦይ፣ ለፍለክስ ደግሞ ጥርስ ያለው ነው የሚያስፈልገው። ቶርቹ በዩሮ ኮኔክተር የሚነቀል ቢሆን በጣም ጥሩ ነው፤ ሲበላሽ ቶርቹን ብቻ ይለውጣሉ እንጂ ማሽን አይፈቱም።

ስለ ጋዙ ደግሞ፣ ንጹሕ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይበቃዎታል። አርጎን የተቀላቀለበት ጋዝ ለስስ ብረት ይበልጥ ለስላሳ ቢሆንም ዋጋው ሌላ ነው፤ ለወለል ሥራ የሚያሳስብ ልዩነት የለውም።

የድሮ በያጅ፦

ከላይ የተጻፈው ለቮልሷ ትክክል ነው። ለአርኤችኤሱ ግን ሰው ገንዘቡን በከንቱ እንዲያወጣ አልፈልግም። 1.2 ሚሊ ሜትር ብረት በ2.5 ኤሌክትሮድ ቢበሳ ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም። 2.0 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ይፈልጉ፣ አምፔሩን ወደ 45 ወይም 50 ዝቅ ያድርጉ፣ ብረቶቹ የሚገጥሙበትን ቦታ ክፍተት እንዳይኖረው አስተካክለው ይቁረጡ። ክፍተት ያለበትን ስስ ብረት ሚግም ቢሆን ይበሳዋል። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ መስኮት የሠራሁት በኤሌክትሮድ ነው፤ ዛሬም ጣሪያ ላይ ወጥቼ ስሠራ ያንን ሁሉ ቦምቦላ ተሸክሞ የሚከተለኝ ረዳት የለኝም። ቮልሷ ባትኖር ኖሮ ማሽን አይግዙ እልዎት ነበር።

ባለ መስመር፦

የኤሌክትሪክ ባለሙያ እንጂ በያጅ አይደለሁም፤ ስለዚህ ከጥያቄው መጨረሻ፣ ከምጣዱ እጀምራለሁ፤ ማሽን ከመምረጥዎ በፊት መታወቅ ያለበት ግድግዳዎ ላይ ያለው መስመር ነውና።

የእንጀራ ምጣድ በግምት 3.5 ኪሎ ዋት ይወስዳል፤ ይህ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ነው። ሚግ ማሽን በ120 አምፔር ሲበይድ በሽቦውና በብረቱ መካከል የሚነደው ቅስት ቮልቴጅ 20 አካባቢ ስለሚሆን ለብየዳው የሚውለው 2.4 ኪሎ ዋት ነው። በማሽኑ ውስጥ የሚባክነውና ተራ ኢንቨርተሮች መስመሩን የሚስቡበት ያልተስተካከለ መንገድ ሲታከልበት ግን ከግድግዳው የሚሳበው ወደ 20 አምፔር ይጠጋል። ስለዚህ በ120 አምፔር መበየድ ማለት ከአንድ ምጣድ ትንሽ የበለጠ መጣድ ማለት ነው፤ ሁለቱ አንድ ላይ 36 አምፔር ስለሚሆኑ የእናትዎ ቅሬታ በሒሳብ የተደገፈ ነው። ያው ማሽን 200 አምፔር ላይ ቢሠራ ብቻውን ወደ 38 አምፔር ይስባል፣ የእርስዎም ብሬከር ለዚያ አይሆንም። በቤትዎ መስመር የሚጠቀሙበት ጣሪያ ከ120 እስከ 140 አምፔር ስለሆነ፣ ከዚያ በላይ የተጻፈ ቁጥር ለእርስዎ ጌጥ ነው። ለስስ ላሜራና ለአርኤችኤስ ደግሞ ከበቂ በላይ ነው።

ወደ ማሽኑ ስንመጣ፣ ፊቱ ላይ በትልቁ የተጻፈው 250 የሞዴል ስም እንጂ የአምፔር መጠን ላይሆን ይችላል። እውነተኛው ነገር ያለው ከኋላ ወይም ከጎን በተለጠፈችው ትንሽ ሰሌዳ ላይ ነው። ሰሌዳ የሌለውን ማሽን አይግዙ። በኤክስ ፊደል የተመለከተውን መቶኛ ይፈልጉ፤ ይህም ማሽኑ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ምን ያህሉን ሊበይድ እንደሚችል ይናገራል። ለምሳሌ በ160 አምፔር 25 በመቶ ከተባለ፣ ሁለት ደቂቃ ተኩል በይዶ ሰባት ደቂቃ ተኩል ማረፍ አለበት ማለት ነው፤ ያለ ዕረፍት መሥራት የሚችለው በግምት በ80 አምፔር ብቻ ነው። ነጥብ በነጥብ ለሚሠራ የቮልስ ወለል ይህ ችግር የለውም፤ ዕረፍቱ በሥራው ውስጥ አለ።

እዚህ ላይ ሻጮች የማይናገሩት አንድ ነገር አለ። እነዚህ ማሽኖች የሚመዘኑበት አይኢሲ 60974-1 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ የሚያስበው ከባሕር ጠለል በላይ እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ድረስ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየራችን በባሕር ጠረፍ ካለው ሩብ ያህል ስለሚሳሳ ማራገቢያው ያንኑ ያህል ቢዞርም የሚያነሣው ሙቀት ያንሳል። የከተማችን ብርድ በከፊል ያካክሰዋል፣ ምክንያቱም መቶኛው የሚለካው በ40 ዲግሪ ሙቀት ነው፤ ሆኖም ሰሌዳው ላይ ያለውን መጠን እስከ ጫፍ ድረስ አልተማመንበትም። የቆርቆሮ ክፍልዎ ደግሞ በመጋቢት ቀትር ምን ያህል እንደምትግል እርስዎ ያውቃሉ።

በመጨረሻም፣ ከቆጣሪው እስከዚያች ክፍል ድረስ ለብቻው የተሳበ መስመር ያስፈልግዎታል። ቢያንስ ባለ 4፣ ርቀቱ ከሃያ ሜትር ካለፈ ደግሞ ባለ 6 ስኩዌር ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ይሁን፤ የራሱ ብሬከርና በትክክል የተቀበረ ኧርዝም ይኑረው። በድሮ ቤቶቻችን ሦስተኛው የሶኬት ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ከምንም ጋር አይገናኝም። ማሳውን ብረቱ ላይ መቆንጠጥ ኧርዝ ማድረግ አይደለም፤ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለማንኛውም ሥራውን ፈቃድ ያለው ባለሙያ ያከናውንልዎት።

ባለ ቮልሱ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ወጥቼ ማሽኖቹን ከጀርባቸው አዙሬ አየኋቸው። ፊቱ ላይ 250 የተጻፈበት ማሽን ሰሌዳው ላይ የሚያሳየው 140 አምፔር በ20 በመቶ ነበር። ሻጩን ይህ ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው «እሱ ለፋብሪካው ነው፣ አንተ ፊቱን እይ» አለኝ። በጋዝም ያለ ጋዝም የሚሠራው ግን 180 አምፔር በ25 በመቶ ይላል፤ ክዳኑን ስከፍተው የሮለሩ ክንድ ብረት ነው፣ ቶርቹም ይነቀላል። እሱን ልወስድ ወስኛለሁ። የድሮ በያጅ እንዳሉኝም 2.0 ኤሌክትሮድ ገዝቼ ትናንት አርኤችኤሱ ላይ ሞከርሁ፤ ከአራት ማዕዘን ሦስቱ አልተበሱም፣ ስለዚህ ግማሹን ጥፋት ወስጃለሁ። መስመሩን የሚስብልኝ ባለሙያ ሐሙስ ይመጣል፤ እናቴም እንጀራ የምትጋግርበትን ቀን አስቀድማ ልትነግረኝ ተስማምታለች።

የቀረኝ ጥያቄ ስለ ቦምቦላው ነው። ያገለገለ ባለ አምስት ኪሎ ቦምቦላ የሚሸጥልኝ ሰው አግኝቻለሁ፤ ሙሉ ነው ይላል፣ ሬጉሌተሩም 50 ባር አካባቢ ያሳያል። ልመነው?

ላሜራ፦

ሬጉሌተሩን አይመኑ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በቦምቦላው ውስጥ ፈሳሽ ሆኖ ስለሚቀመጥ፣ አንድ ጭልፋ ፈሳሽ እስከቀረ ድረስ መለኪያው ሙሉ ከሆነበት ጊዜ ጋር አንድ ዓይነት ቁጥር ያሳያል፤ መውረድ ሲጀምር ጋዙ አልቋል ማለት ነው። ያለው መላ ሚዛን ነው። አንገቱ አካባቢ የባዶው ክብደት ተቀርጿል፤ ቦምቦላውን ሚዛን ላይ አቁመው ያንን ይቀንሱ። አንድ ኪሎ ወደ 500 ሊትር ጋዝ ስለሚሰጥ፣ በደቂቃ 10 ሊትር ቢያወጡ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ቀጥተኛ ብየዳ ያገኛሉ። የፍተሻ ቀኑም እዚያው ተቀርጾ ይገኛል፤ ቀኑ ካለፈበት የሚሞላልዎት ቦታ ላያገኙ ስለሚችሉ ከመግዛትዎ በፊት ያንብቡት። ክፍሉ ውስጥ ሲያስቀምጡት ቀጥ አድርገው በሰንሰለት ግድግዳ ላይ ይሰሩት። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፣ ስለዚህ በሩን ከፍተው ይሥሩ፤ ነፋሱ ግን በቀጥታ ሥራዎ ላይ እንዳይመጣ ይከልሉት።

ቮልሷን ከመንካትዎ በፊት ባትሪውን ፈትተው ያውጡ፣ የኋላ ወንበሩንም ከነድርቆሹ ከመኪናዋ ያርቁ። የቤንዚን ታንኳ ከፊት ናትና ወለሉን እየተከተሉ ወደ ፊት ከሄዱ እሷንም ያስወርዱ። ለመለማመጃ ምናለሽ ተራ ወርደው አሮጌ የመኪና በር ይግዙ፤ ላሜራው ከቮልሷ ወለል ብዙም አይለይም። ቀለሙን እስከ ነጭ ብረት ፍቀው፣ ቮልቴጁን ዝቅ አድርገው፣ የሽቦውን ፍጥነት እየጨመሩ እየቀነሱ ድምፁን ያዳምጡ። ቆሎ ምጣድ ላይ እንደሚፈነዳው እየተቆራረጠ ከተንጣጣና ሽቦው እጅዎን ከገፋው ፍጥነቱ በዝቷል፤ የፈላ ዘይት ላይ ሽንኩርት ሲወርድ የሚሰማው ዓይነት ያልተቋረጠ ድምፅ ሲያገኙ ቁልፎቹ ያሉበትን ቦታ በእርሳስ ማሽኑ ላይ ምልክት ያድርጉበት።