የኢንፊኒባንድ ድራይቨር ተነሥቷል፣ ኖዶቹ ግን አይገናኙም

ሌሊት ተረኛ፦ ጤና ይስጥልኝ። 16 ኖዶች (አብረው የሚሠሩ ኮምፒውተሮች) ባሉት የሊኑክስ ክላስተር ላይ የኢንፊኒባንድ (ኮምፒውተሮችን በከፍተኛ ፍጥነት የሚያገናኝ የኔትወርክ ዓይነት) ድራይቨር ጫንኩ። ሞጁሎቹ ያለ ስሕተት ተነሥተዋል። «አይቢስታት» የሚለውን ትእዛዝ ስሰጥ አካላዊው ሁኔታ «ሊንክአፕ» (መስመሩ ተገናኝቷል) ይላል፤ የፖርቱ ሁኔታ ግን «ኢኒሻላይዚንግ» (በመዘጋጀት ላይ) ላይ ቆሞ ቀርቷል። ድራይቨሩን አራግፌ ደግሜ ብጭነውም ለውጥ የለም። ምን ይሻላል?

ኬብል ቆጣሪ፦ ድራይቨሩን ይተዉት፤ የድርሻውን ጨርሷል። የጎደለዎት የሰብኔት ማኔጀር ነው። ኢተርኔት የለመደ ሰው ካርዱን ከስዊች ጋር ማገናኘት ይበቃል ብሎ ያስባል። እዚህ ግን ለእያንዳንዱ ፖርት አድራሻ የሚያድልና በየስዊቹ የመተላለፊያ ሠንጠረዥ የሚጽፍ ፕሮግራም ሊኖር ግድ ነው። ያለ እርሱ ዳኛ ያልተሰየመበት ችሎት ነው፤ ሁሉም ቀርቦ ሥራ አይጀመርም። በዚያው ውጤት ላይ «ቤዝ ሊድ» የሚለውን መስመር ይዩ፤ 0 ከሆነ አድራሻ የሰጠው የለም። አንዳንድ ስዊቾች ማኔጀሩን በውስጣቸው ይዘውት ይመጣሉ። የእርስዎ ከሌለው በአንዱ ኖድ ላይ ኦፕንኤስኤም የተባለውን የሰብኔት ማኔጀር ፕሮግራም ጭነው ያስነሡ፤ ማሽኑ ሲበራም አብሮ እንዲነሣ ያድርጉ።

ሌሊት ተረኛ፦ እውነትም 0 ነበር! ኦፕንኤስኤም እንደተነሣ ሁሉም «አክቲቭ» ሆኑ። አሁን ሁለት ነገር ቀረኝ። የአንዱ ኖድ ፍጥነት 10 ይላል፣ የሌሎቹ 40 ነው። በብዙ ኖዶች ላይ ተከፋፍሎ የሚሠራው የኤምፒአይ ፕሮግራሜም በኤስኤስኤች (ከርቀት) ገብቼ ሳስኬደው ይሠራል፤ ሥራን ለኖዶች በሚያከፋፍለው በስለርም ስልከው ግን ሜሞሪ መመዝገብ አልቻልኩም ብሎ ይወድቃል።

ኬብል ቆጣሪ፦ 40 ማለት እያንዳንዳቸው በሰከንድ 10 ጊጋቢት የሚያስተላልፉ አራት መስመሮች ናቸው። 10 ካሳየ ወይ አንዱ መስመር ብቻ ተነሥቷል፣ ወይ አራቱም በ2.5 እየተንፏቀቁ ነው። ኬብሉን ነቅለው በደንብ ይሰኩት። ካልተስተካከለ ከጎረቤቱ ኖድ ኬብል ጋር ያቀያይሩት፤ ችግሩ ኬብሉን ተከትሎ ከሄደ ጥፋተኛው ተገኘ።

ወረፋ ጠባቂ፦ ሁለተኛው የታወቀ ጣጣ ነው። ካርዱ ያለ ፕሮሰሰሩ ጣልቃ ገብነት ከሜሞሪ በቀጥታ ስለሚያነብ ያ ሜሞሪ ከቦታው እንዳይነቃነቅ መቆለፍ አለበት፤ ለመቆለፍ ደግሞ ገደብ አለ። በኤስኤስኤች ሲገቡ ገደቡ የሚነበበው ከ«ሊሚትስ ኮንፍ» ፋይል ነው። የስለርምን አገልግሎት የሚያስነሣው ሲስተምዲ ግን ያንን ፋይል ዘወር ብሎ አያየውም! በአገልግሎቱ ፋይል ላይ «ሊሚትሜምሎክ»ን (የሚቆለፈውን ሜሞሪ ገደብ) «ኢንፊኒቲ» (ገደብ የለሽ) አድርገው አገልግሎቱን እንደገና ያስነሡ። ስለርም ሥራው ከተላከበት ማሽን ገደብ የመውረስ ልማድም አለው፤ በማዋቀሪያ ፋይሉ ሜምሎክን ከውርሱ ያስወጡት። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ይህንኑ ገደብ የሚያሳየውን «ዩሊሚት -ኤል»ን በስለርም ሥራ ውስጥ ያስኪዱ፤ «አንሊሚትድ» ማለት አለበት። በኤስኤስኤች ገብተው ቢያዩት ምንም አይነግርዎትም።

የድሮ አስተዳዳሪ፦ ኦፕንኤስኤምን በሌላ ኖድም ላይ ይጫኑት፤ ሁለተኛው ራሱ ተጠባባቂ ይሆናል። ማኔጀሩ ሲሞት በሥራ ላይ ያሉት ግንኙነቶች ስለሚቀጥሉ ማንም ልብ አይልም። አንድ ኖድ ጠፍቶ ሲበራ ነው ያው «ኢኒሻላይዚንግ» ላይ የሚገተረው፤ ያኔ ሁሉም ድራይቨሩን ይወቅሳል።