ክሪ እናትና ልጃቸው ፊት ነሱኝ፤ ምን አጥፍቼ ነው?

ጥያቄ (ዊኒፔግ)፦ ሰላም ወገን። ቤት ለቤት እየዞርኩ አረጋውያን እንከባከባለሁ። ከሁለት ወር ወዲህ አንዲት የክሪ ተወላጅ (ከካናዳ ነባር ሕዝቦች አንዱ ነው) እናት ደርሰውኛል። የመርሳት በሽታ አለባቸው፤ እንግሊዝኛው እየጠፋባቸው ወደ ክሪ ቋንቋቸው ተመልሰዋል። የምታስታምማቸው ልጃቸው ናት። እንቅልፍ አጥታ ዓይኗ ደም መስሏል። እረፍት እንድታገኝ የመሥሪያ ቤታችንን ፎርም ብሰጣት አንብባ ሳትሞላው መለሰችልኝ። እናትየው ደግሞ ገላቸውን ላጥብ ስል ጸጉራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ይጮኻሉ።

ነርስ፣ ሬጂና፦ እህቴ፣ ፎርሙን ራስሽ አንብበሽዋል? ብዙዎቹ «ማስታመሙ ምን ያህል ሸክም ሆነብሽ» ብለው ነው የሚጠይቁት። ስለ እናትሽ እንዲህ ብትጠየቂ ትሞዪዋለሽ? የጸጉሩን ነገር ደግሞ ከዕድሜያቸው ጋር አያይዘሽ እዪው። ካናዳ ውስጥ ከ150,000 በላይ የነባር ሕዝቦች ልጆች ከቤተሰባቸው ተነጥለው መንግሥትና አብያተ ክርስቲያናት ያካሂዱት የነበረ አዳሪ ትምህርት ቤት ገብተዋል። የመጨረሻዎቹ የተዘጉት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። ልጆቹ እንደገቡ ጸጉራቸው ይቆረጥ ነበር፤ በቋንቋቸው ካወሩ ይቀጣሉ። ይህ በሽታ የትናንቱን ወስዶ የልጅነቱን ይተዋል። ዩኒፎርም ለብሰሽ መታጠቢያ ቤት ስትገቢ ማን መስለሽ እንደምትታያቸው እግዜር ይወቅ። እሳቸውም ገብተው ይሁን አይሁን አናውቅም፤ ልጅቱን እንዳትጠይቂያት። ራሷ ካነሳችው ስሚያት።

አባል፣ ካልጋሪ፦ ምን አደከመሽ፣ ለአለቃሽ ነግረሽ ሌላ ቤት አስቀይሪ።

አባል፣ ተንደር ቤይ፦ ኧረ ተው! ሰው በተቀያየረ ቁጥር አይደል እንዴ እምነት የሚጠፋው? እኔን ሦስት ወር ፈጅቶብኛል። ሻይ ሲያቀርቡልኝ «ሥራ ላይ ነኝ» እል ነበር። አንድ ቀን ተቀምጬ ጠጣሁ፤ ወሬው ከዚያ ጀመረ። ደረቅ ቅጠል አጢሰው ጭሱን በእጃቸው ወደ ፊታቸው ሲያመጡ ካየሽ የኛን ዕጣን አስቢ። መስኮት ልክፈት አትበይ። ኦክስጅን ካለ ብቻ ቀድመሽ ተነጋገሪ። ፎርሙንም ተዪውና «ማክሰኞ እኔ እስካለሁ አንቺ ጋደም በይ» በያት።

ነርስ፣ ሬጂና፦ አንድ ነገር ረሳሁ። በፈርስት ኔሽንስነት (ክሪዎችን ጨምሮ ብዙዎቹ ነባር ሕዝቦች የሚጠሩበት ስም ነው) የተመዘገቡ ከሆነ የፌዴራሉ የጤና ድጋፍ መድኃኒት፣ የሕክምና ዕቃና ወደ ሕክምና መጓጓዣን ይረዳል። ሐኪሙ የማስታወስ ምርመራ ካዘዘም ለነባር ሕዝቦች የተዘጋጀውን ጠይቁ። መነሻው አውስትራሊያ፣ ኪምበርሊ ነው። ኦንታሪዮ፣ ማኒቱሊን ደሴት ላይ አኒሺናቤ ከሚባሉት ነባር ሕዝቦች ጋር ሆነው ለዚህ አገር አስተካክለውታል። የተለመደው ምርመራ የትምህርት ቤት ፈተና ይመስላል፤ ለእሳቸው ደግሞ...

ጠያቂዋ፦ ተባረኩ። ዛሬ ጸጉራቸውን አልነካሁም። በሞቀ ፎጣ እጅና እግራቸውን ብቻ አበስኩ፤ ዝም አሉኝ። ልጅቱ «ኩኩም በያቸው» አለችኝ፤ አያት እንደማለት ነው አሉ። ሻዩንም ጠጣሁ፣ ስኳር ባይኖረውም። ስለ ዩኒፎርሙ አለቃዬ ገና አልመለሰችልኝም። በራሳችሁ ልብስ መሥራት የተፈቀደላችሁ ካላችሁ፣ ምን ብላችሁ ነው የጠየቃችሁት?