አፕሊኬሽን ሲግናልስ፦ ኮንሶሉ ላይ የሚታየው ዲፔንደንሲ በኤፒአይ ስጠራው ባዶ ይመጣል

ማኪያቶ_ዴቭ፦

ሰላም ቤተሰብ፣ እስቲ እርዱኝ።

ኢኬኤስ (የአማዞን ኩበርኔቲስ) ላይ የሚሮጡ ጥቂት ሰርቪሶች አሉን። የአማዞኑ ክላውድዎች አፕሊኬሽን ሲግናልስ (የሰርቪሶችን አሠራርና ማን ማንን እንደሚጠራ የሚከታተለው) በርቶላቸዋል። ኮንሶሉ ውስጥ ገብቼ ማፑን ስከፍት የክፍያው ሰርቪስ ከማን ከማን ጋር እንደሚያወራ፣ ማለትም ዲፔንደንሲዎቹ፣ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ዳይናሞዲቢ (ዳታቤዙ) አለ፣ ኤስኪውኤስ (የመልዕክት ወረፋው) አለ፣ የትዕዛዝ ሰርቪሱ አለ፣ ውጭ ያለው የክፍያ ጌትዌይም አለ። አለቃዬ ግን ስክሪን ሾት አልፈልግም፣ በየሳምንቱ በሰንጠረዥ አውጥተሽ ላኪልኝ አለኝ።

እሺ ብዬ በፓይተን ትንሽ ስክሪፕት ጻፍኩ። በቦቶ3 (የአማዞን የፓይተን ላይብረሪ) ሊስት ሰርቪስ ዲፔንደንሲስ የሚለውን ኤፒአይ እጠራለሁ። መድረሻ ሰዓቱ አሁን፣ መነሻው ከአሁን 1 ሰዓት በፊት፣ ሁለቱንም በዩቲሲናው አምጥቼ በታይምስታምፕ ወደ ኢፖክ ሰከንድ (ከ1970 ጀምሮ የተቆጠረ ሰከንድ) ቀይሬ ነው የምሰጠው። ኪ አትሪቢዩትስ (ሰርቪሱ የሚለይበት መረጃ) ላይ ደግሞ ታይፕ ሰርቪስ፣ ኔም የሰርቪሳችን ስም፣ ኢንቫይሮንመንት ፕሮዳክሽን ብዬ ሞልቻለሁ።

ኤረር የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም፣ የሚመለሰው ባዶ ሊስት ነው። ኮንሶሉ እያሳየኝ ኤፒአዩ የለም የሚለኝ ለምንድነው? ፈቃድ ጎድሎኝ ይሆን?

ኖድ_ጠባቂ፦

ፈቃድ ቢሆን አክሰስ ዲናይድ ብሎ በግልጽ ይነግርሽ ነበር። ዝም ብሎ ባዶ አይመልስም። ለማንኛውም ለማንበብ ብቻ ከሆነ ክላውድዎች አፕሊኬሽን ሲግናልስ ሪድኦንሊ አክሰስ የሚባለው ዝግጁ ፖሊሲ ይበቃሻል፣ አድሚን ፈቃድ ለሪፖርት ስክሪፕት እንዳትሰጪ አደራ።

እኔ የጠረጠርኩት ኢንቫይሮንመንቱን ነው። ፕሮዳክሽን ብለሽ ከራስሽ ነው የጻፍሽው ወይስ ከሆነ ቦታ ወስደሽ? ኢኬኤስ ላይ ማንም ሰው ካልቀየረው በስተቀር ስሙ በራሱ የሚወጣው እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ኢኬኤስ የሚለው ቃል በትንንሽ ሆሄ፣ ከዚያ ኮለን፣ ከዚያ የክላስተሩ ስም፣ ከዚያ ስላሽ፣ ከዚያ ኔምስፔሱ። ዲፕሎይመንት ዶት ኢንቫይሮንመንት የሚለውን ሪሶርስ አትሪቢዩት ሞልታችሁ ከሆነ ብቻ ነው እናንተ የሰጣችሁት ቃል የሚገባው።

ይሄ ኤፒአይ ደግሞ ሰርቪሱ በዓለም ላይ ይኑር አይኑር አያጣራልሽም። የሰጠሽውን አትሪቢዩት ይዞ ይፈልጋል፣ ካልገጠመለት ምንም አላየሁም ብሎ ይመለሳል። በአንድ ፊደል ብትስቺም ያው ባዶ ነው።

ስለዚህ በእጅሽ አትጻፊው። መጀመሪያ ሊስት ሰርቪስስ ጥሪ፣ በዚያው የሰዓት ክልል። ከሚመጣልሽ ውስጥ የእናንተን ሰርቪስ ፈልጊና ኪ አትሪቢዩትስ የሚለውን እንዳለ ገልብጠሽ ለሁለተኛው ጥሪ አቀብዪው። ሪጅኑንም እዪው። ሰርቪሶቻችሁ ፍራንክፈርት ሆነው ላፕቶፕሽ ላይ ያለው ፕሮፋይል ቨርጂኒያ የሚል ከሆነ ያው ባዶ ነው የሚመጣልሽ።

ማኪያቶ_ዴቭ፦

ኖድ ጠባቂ እግዜር ይስጥልኝ፣ ኢንቫይሮንመንቱ ነበር። ሊስት ሰርቪስስ ላይ ያለውን ገልብጬ ሳስገባው መምጣት ጀመረ።

አሁን ግን ሌላ ነገር ተከተለ። ያንኑ ስክሪፕት ሲአይ (ኮዳችንን በራሱ የሚያስሮጠው ሰርቨር) ላይ ሳስሮጠው ሁሉም ይመጣል። ላፕቶፔ ላይ ግን ዛሬ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ዲፕሎይ ያደረግነው አዲሱ የኖቲፊኬሽን ሰርቪስ አይታይም፣ የድሮዎቹ ብቻ ናቸው የሚመጡት። ኮዱ አንድ፣ አካውንቱ አንድ፣ ሪጅኑ አንድ። አሁን 4 ሰዓት ከሩብ ስለሆነ ከዲፕሎይመንቱ ወዲህ ትራፊክ ገብቷል፣ ኮንሶሉም ላይ ይታያል።

ሌላው ደግሞ ዳይናሞዲቢ በሊስቱ ውስጥ ደጋግሞ ይመጣል። አንድ ቴብል ነው ያለን። አለቃዬ ይሄን ቢያይ ስንት ዳታቤዝ ነው የምንከፍልበት ብሎ ሊጮህብኝ ነው።

ዱባይ_ክላውድ፦

ዩቲሲናው ያልሽውን ሳነብ ነው የሳቅኩት፣ ይሄ ነገር ስንቱን አቃጥሏል።

እንዲህ ነው። የፓይተን ዩቲሲናው የሚመልስልሽ ሰዓት ቁጥሩ የዩቲሲ (የዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ነው፣ ግን የየት አገር ሰዓት እንደሆነ የሚናገር ታይምዞን አልተለጠፈበትም። ወደ ኢፖክ የሚቀይረው የፓይተን ታይምስታምፕ ደግሞ ታይምዞን የሌለው ሰዓት ሲሰጡት የማሽኑ የአካባቢ ሰዓት ነው ብሎ ይወስደዋል። ሲአይ ማሽኑ ራሱ ዩቲሲ ላይ ስለሆነ ሁለቱ ይገጥማሉ፣ ችግሩም አይታይም። ላፕቶፕሽ አዲስ አበባ ላይ ነው፣ ማለትም ዩቲሲ ሲደመር 3።

አሁን በአንቺ ሰዓት እንቁጠረው። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ብታስሮጪው በፈረንጅ 10 ነው፣ በዩቲሲ 7 ነው። ዩቲሲናው 7 ይልሻል። ታይምስታምፕ ያንን 7 የአዲስ አበባ 7 አድርጎ ያነበውና ወደ ዩቲሲ ሲመልሰው 4 ይሆናል። ስለዚህ እስካሁን ያለውን አምጣልኝ ስትዪው የምትጠይቂው በእኛ አቆጣጠር ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ጠዋት 1 ሰዓት ያለውን ነው። ያኔ አዲሱ ሰርቪስ ገና አልተወለደም። እኔ ዱባይ ስለሆንኩ በእኔ ማሽን 4 ሰዓት ነበር ወደ ኋላ የሚሄደው።

መፍትሄው ቀላል ነው። ዩቲሲናውን ተዪውና ዴትታይም ናው ብለሽ ውስጡ ታይምዞን ዩቲሲ ስጪው። ከፓይተን 3.12 ጀምሮ ዩቲሲናው ራሱ ዴፕሪኬትድ ተብሏል፣ በዚሁ ምክንያት። ወይም ደግሞ ኢፖክ ሰከንዱን በቀጥታ ከታይም ዶት ታይም ውሰጂና ከታይምዞን ጣጣ ተገላገዪ።

አንድ ሌላ ነገር፣ መነሻ ሰዓቱ ወደሚቀርበው ሙሉ ሰዓት ይጠጋጋል። ስለዚህ የ10 ደቂቃ መስኮት ከፍቶ ትክክለኛ መልስ መጠበቅ አይሆንም። ከሙሉ ሰዓት እስከ ሙሉ ሰዓት አድርጊው።

ተራ_ኢንጂነር፦

ስለ ድግግሞሹ እኔ ልመልስ።

ስህተት አይደለም። ሊስቱ ውስጥ እያንዳንዱ መስመር አንድ ዲፔንደንሲ ማለት አይደለም። አንዱ የአንቺ ኦፐሬሽን አንዱን የሌላውን ኦፐሬሽን ሲጠራ አንድ መስመር ይሆናል። ኦፐሬሽን ኔም የሚለው ፊልድ የአንቺ ነው፣ ለምሳሌ ክፍያ የሚቀበለው ኢንድፖይንት። ዲፔንደንሲ ኦፐሬሽን ኔም የሚለው ደግሞ እዚያ ማዶ የተጠራው ነው፣ ለምሳሌ ጌትአይተም ወይም ፑትአይተም። ሦስት ኢንድፖይንት ኖሮሽ እያንዳንዱ ሁለቱንም ቢጠራ ዳይናሞዲቢ ስድስት ጊዜ ይወጣል። ለአለቃሽ ዲፔንደንሲ ኪ አትሪቢዩትስ በሚለው ጠቅልለሽ አንድ አንድ መስመር አድርጊለት። ዝርዝሩን ግን አትጣዪው፣ አንድ ቀን ዳይናሞዲቢ ዘግይቶብን የትኛው ኢንድፖይንት ነው የሚነካው የሚል ጥያቄ ሲመጣ መልሱ ያለው እዚያ ነው። በእኔ እምነት የዚህ ኤፒአይ ትልቁ ጥቅምም ይሄ ነው፤ ቀስትማ ማንም በማርከር ዋይትቦርድ ላይ ይስለዋል።

ገጽ በገጽ እንደሚመጣም አትርሺ። ማክስ ሪዘልትስ ካልሰጠሽው በአንድ ጥሪ 50 ነው የሚመልሰው፣ ጣሪያው 100 ነው። ኔክስት ቶክን ካለ ገና ይቀራል ማለት ነው። ቦቶ3 ለዚህ ፔጂኔተር ስላለው ራስሽ ሉፕ አትጻፊ። ይሄን የማያይ ሰው የሰርቪሱን ግማሽ አውጥቶ ጨረስኩ ይላል፣ ማንም አይነቃበትም።

እያንዳንዱ መስመር ላይ ሜትሪክ ሬፈረንስስ የሚል አለ። እሱ ቁጥሩን አይሰጥሽም፣ ቁጥሩ የት እንዳለ ነው የሚነግርሽ፦ ኔምስፔሱን፣ የሜትሪኩን ስም፣ ዳይሜንሽኖቹን። እነሱን ይዘሽ ወደ ክላውድዎች ጌት ሜትሪክ ዳታ ትሄጂና ሌተንሲውን፣ ኤረሩንና ፎልቱን ታመጫለሽ። ኤረር የሚሉት የ4 መቶዎቹን ምላሽ ነው፣ ፎልት የ5 መቶዎቹን። ሁለቱን ደምረሽ ስህተት ብለሽ አንድ አምድ ውስጥ እንዳታስገቢ፤ የአንዱ ጥፋት ብዙ ጊዜ የጠሪው ነው፣ የሌላው የተጠሪው።

አቅጣጫውን መገልበጥ ከፈለግሽ፣ ማለትም እኔን የሚጠራኝ ማነው ካልሽ፣ ሊስት ሰርቪስ ዲፔንደንትስ የሚል እህቱ አለ። ስማቸው በጣም ስለሚመሳሰል አውቶኮምፕሊት አንዱን በሌላው እንዳይሰጥሽ። አንድን ሰርቪስ ከማጥፋትሽ በፊት መጠየቅ ያለብሽ ይሄኛውን ነው።

ሙሉ ማፑን በአንድ ጊዜ ከፈለግሽ ደግሞ የኤክስሬይ ጌት ሰርቪስ ግራፍ አለ። ሁሉንም ሰርቪስ ከነቀስቶቹ ያመጣልሻል። ግን ያ ከትሬስ (የእያንዳንዱ ሪኩዌስት የጉዞ መዝገብ) የተሠራ ነው። ትሬስ ደግሞ ሳምፕል ይደረጋል፤ የኤክስሬይ ነባሪ ደንብ በየሰከንዱ የመጀመሪያውን ሪኩዌስት እና ከቀሪው 5 በመቶውን ነው የሚይዘው። አልፎ አልፎ ብቻ የሚጠራ ነገር ሊያመልጠው ይችላል። ለሳምንታዊ ሪፖርት እኔ ብሆን የጀመርሽውን ነው የምቀጥለው።

ማኪያቶ_ዴቭ፦

ሰዓቱ ተስተካከለ፣ አዲሱም ሰርቪስ መጣ። ድግግሞሹንም ጠቀለልኩት። ክበሩልኝ!

የመጨረሻ ጥያቄ። ሬዲስ (በሜሞሪ የሚሠራ ዳታ ማከማቻ) እንጠቀማለን፣ ሊስቱ ላይ ግን የለም፣ ኮንሶሉም ላይ የለም። አንድ መስመር ላይ ደግሞ አንኖውን ሪሞት ሰርቪስ የሚል ስም አለ። ይሄ ማነው? ሰው ሰርጎ ገብቶ ነው እንዴ?

ኖድ_ጠባቂ፦

ሰው አልገባም፣ ተረጋጊ። አንኖውን ሪሞት ሰርቪስ ማለት ኤጀንቱ ከአንቺ ሰርቪስ ወደ ውጭ ጥሪ ሲወጣ አይቷል፣ ግን ስፓኑ (በትሬስ ውስጥ የአንዱ ሥራ ወይም ጥሪ መዝገብ) ላይ ማን እንደተጠራ የሚለይበት አትሪቢዩት አላገኘም። አብዛኛውን ጊዜ ሰው በእጁ የጻፈው ስፓን ነው። ኮዱን ካገኘሽው ፒር ዶት ሰርቪስ የሚለውን አትሪቢዩት ስሙን ጽፈሽ ጨምሪበት፣ ማፑም ሊስቱም ላይ በዚያ ስም ይወጣል። በአስተናጋጅ አድራሻው ብቻ ለሚታየው ጌትዌያችሁም ይሄው ይሠራል።

ሬዲሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ዲፔንደንሲ ሆኖ እንዲቆጠር መጀመሪያ ጥሪው ስፓን ሊኖረው ይገባል፣ እንደ ሬዲስ ላለ ጥሪ ደግሞ የስፓኑ ካይንድ (ዓይነቱ) ክላየንት መሆን አለበት። አንድ ሰው በእጁ ስፓን ከፍቶ ካይንዱን ሳይነካው ከተወው ኢንተርናል ይሆናል፣ ያ ወደ ውጭ የሄደ ጥሪ ተደርጎ አይቆጠርም። ወይም የምትጠቀሙት የሬዲስ ላይብረሪ አውቶ ኢንስትሩመንቴሽኑ የማያውቀው ነው። ሰርቪሱ በምን ነው የተጻፈው? ኖድ ጄኤስ ሆኖ ኢኤስ ሞጁል የሚጠቀም ከሆነ ነባሪው አነሳስ ኮመን ጄኤስን ነው የሚያውቀው፣ ለኢኤስ ሞጁል ስታስነሺው በኢምፖርትና በሎደር በኩል ለየት ያለ አሠራር ይፈልጋል። ፓይተን በጉኒኮርን ከሆነም ዎርከሮቹ ከተፈለፈሉ በኋላ ኢንስትሩመንት እንዲደረግ የሚያደርግ ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል አለ፣ ዶክመንቴሽኑ ላይ ታገኚዋለሽ። ጃቫ ላይ ያሉት ሰዎች እንዲህ አይነት ጣጣ ብዙም አያውቁም፣ ይቅናቸው።

ሌላ የማልወደው ነገር፣ ያንን ሰንጠረዥ የሲስተማችን ዲፔንደንሲዎች ብለሽ ርዕስ አትስጪው። ኤፒአዩ የሚነግርሽ በዚያ የሰዓት ክልል ውስጥ ማን ማንን እንደጠራ ነው። ሌሊት አንድ ጊዜ የምትሮጥ የሂሳብ ማስታረቂያ ጆብ ካለቻችሁ ቀን ላይ በከፈትሽው የ1 ሰዓት መስኮት በጭራሽ አትታይም። ሳምንታዊ ሪፖርት ከሆነ መስኮቱን አስፊው፣ ከሰዓት እስከ ሰዓት የሚለውንም ከላዩ ጻፊበት። ሬዲስ እስኪስተካከል ድረስ በእጅሽ አንድ መስመር ጨምሪና ከጎኑ በእጅ የገባ በይው።

ሰማያዊ_ደመና፦

እኛ የማይክሮሶፍቱ አዙር ላይ ነን፣ ይሄን ሁሉ ሳነብ የእኛ ቀለለኝ። አፕሊኬሽን ኢንሳይትስ ውስጥ ዲፔንደንሲስ የሚል ቴብል አለ፣ በኩስቶ (የአዙር የመጠይቅ ቋንቋ) መጠየቅ ነው። በክላውድ ሮል ኔም፣ በታርጌት እና በታይፕ ሰብስቦ ካውንት ማድረግ፣ አለቀ። ወርክስፔሱ ውስጥ በቀጥታ ለሚጠይቅ ቴብሉ አፕ ዲፔንደንሲስ ይባላል፣ የአምዶቹም ስም ትንሽ ይለያል።

ተራ_ኢንጂነር፦

ካውንት ካደረግክማ ቁጥርህ ልክ አይደለም ወንድሜ። እናንተም ጋ ሳምፕሊንግ አለ። አንድ መስመር ብዙ ጥሪዎችን ወክሎ ሊቀመጥ ይችላል፣ ስንት እንደሆነ የሚነግርህ አይተም ካውንት የሚለው አምድ ነው። መስመሮቹን ከመቁጠር እሱን ደምረው።