የዕቅድ ውይይት፦ ከሱስ ሕክምና ለሚወጡ ሰዎች የአቻ ድጋፍ (ሁለተኛ ረቂቅ)

ጸሐፊ፦
እንደምን ሰነበታችሁ። በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ የሰጣችሁኝን አስተያየት ይዤ ሁለተኛውን አዘጋጅቻለሁ። ለሥራ አመራር ኮሚቴው የሚቀርበው በሁላችን ስም ስለሆነ፣ በኋላ «እኔ አላየሁትም ነበር» የሚል እንዳይኖር ከወዲሁ እንነጋገርበት። አንቀጽ 1 አሁን እንዲህ ይላል፦ «ማኅበሩ ከሱስ ሕክምና ለወጡ ሰዎች ሳምንታዊ ስብሰባ ያዘጋጃል፤ የሕክምና ማዕከላትም የስብሰባውን ቦታና ሰዓት የያዘ ወረቀት ለተሰናባቾች እንዲያድሉ ይጠይቃል።»

ነርስ፦
በዚህ አንቀጽ አልስማማም። ሰው ሲሰናበት የመድኃኒት ማዘዣውን፣ የቀጠሮ ካርዱንና ያልታጠበ ልብሱን በአንድ ላስቲክ ጠቅልሎ ነው የሚወጣው። የእኛም ወረቀት እዚያው ይገባና ከልብሱ ጋር ይታጠባል። እ.ኤ.አ. በ1981 የታተመ አንድ ጥናት ነበር። ለግማሾቹ ተሳታፊዎች የአልኮሆሊክስ አኖኒመስ (ከመጠጥ ለመራቅ እርስ በርስ የሚረዳዱ ሰዎች ማኅበር) ስብሰባ የትና መቼ እንደሚካሄድ ተነገራቸው። ለቀሩት ግን አማካሪው እዚያው ፊታቸው ለአንድ የቡድኑ አባል ስልክ ደወለ፤ አባሉም አነጋግሯቸው አብሯቸው ለመሄድ ተስማማ። ከመጀመሪያዎቹ አንድም የሄደ የለም፤ ከሁለተኛዎቹ የቀረ የለም። ተሳታፊዎቹ በጠቅላላ 20 ብቻ ስለነበሩ ብዙ አልመካበትም፤ ነገር ግን በሥራዬ ከማየው ጋር አንድ ነው። አንቀጹ «ደጋፊው፣ ማለትም ራሱ ከሱስ ያገገመ አባል፣ ታካሚው ከመውጣቱ በፊት በአካል ይተዋወቀዋል» ተብሎ ይጀምር።

ያገገመ አባል፦
እህታችን ያለችውን እደግፋለሁ። ማዕከል ውስጥ መነሻው፣ ምግቡ፣ ምክሩ፣ መኝታው ሁሉ ሰዓት አለው። ከወጡ በኋላ ግን ምሽቱን የሚሞላው የለም፤ እጅ ላይ ስልክ አለ፣ ስልኩ ውስጥ የድሮው ሰው ሁሉ አለ። በቅርቡ ከአንድ ወጣት ጋር ተቀምጠን ስልኩን አጸዳን። ሻጩ በሦስት ስም ተመዝግቧል፤ አንደኛው «ቧንቧ ሠራተኛ» ይላል። ሁለቱን እየሳቀ ሰረዘ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ፤ «ይኼ እንኳ ጓደኛዬም ነው» አለኝ። መልስ አልሰጠሁትም፤ ጠበቅሁት። ሰረዘው፤ ወዲያው ደግሞ ቁጥሩን በቃሉ እንደሚያውቀው ነገረኝ። ከዚያ በኋላ ነው እውነተኛው ጨዋታ የተጀመረው። ክብ ሠርተው በተቀመጡ ሰዎች መካከል ይህን ማን ያወራል? በመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ እንገናኝ፤ ከዚያ እያራራቅነው እንሂድ። የመጀመሪያው ደመወዝ የሚከፈልበት ቀንም ሳይረሳ ይያዝልኝ፤ ኪስ ሲሞላ ነው ሰው የሚፈተነው።

ነባር አባል፦
ልጆቼ፣ ሐሳባችሁ ጥሩ ነው፤ ስብሰባውን ግን አሽቀንጥራችሁ አትጣሉት። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ዓለም አቀፍ ድርጅት) ግምገማ 27 ጥናቶችን መርምሮ፣ ሰዎችን ሥርዓት ባለው መንገድ ከአልኮሆሊክስ አኖኒመስ ጋር የሚያገናኝ ሕክምና ከመጠጥ ሙሉ በሙሉ ታቅቦ በመቆየት ረገድ ከሌሎቹ የታወቁ ሕክምናዎች የተሻለ ውጤት እንዳለው አሳይቷል። የዚያ ማኅበር አነሳስም ቢሆን የሁለት ሰዎች ጨዋታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ቢል ዊልሰን አክሮን በተባለችው የኦሃዮ ከተማ ሥራ ከሽፎበት፣ መጠጡ ሲያሰኘው ሌላ ጠጪ አፈላልጎ ዶክተር ቦብ ስሚዝን አገኘ። ያን ቀን ተረጂው ማን እንደነበረ እንጃ። ስለዚህ ሁለቱም ይኑሩ። አንድ ነገር ግን ልናገር፦ ሜታዶን፣ ያን የሄሮይን ሱስ ማከሚያ መድኃኒት፣ የሚወስድ ሰው ከሱስ ወጥቷል ብዬ ደጋፊ ላደርገው አልችልም።

ነርስ፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ እዚህ ላይ እለያለሁ። ሜታዶንና መሰሉ ቡፕረኖርፊን እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያሉ ናቸው። የእርስዎን ቃል የሰማ ሰው ከሐኪም ሳይማከር ቢያቆምስ? ከኦፒዮይድ (ሄሮይንና ሞርፊንን ከመሰሉ ነገሮች) ለሳምንታት የራቀ ሰውነት የቀድሞውን መጠን መሸከም አይችልም፤ ሰውየው ግን የሚያስታውሰው የቀድሞውን መጠን ነው። ብዙዎች የሚሞቱት እንደዚህ ነው። «ደጋፊ በመድኃኒት ጉዳይ አቁም ወይም ጀምር አይልም» የሚል አንቀጽ ይግባልኝ። ደጋፊዎች ሁሉ ኦፒዮይድ ከመጠን በላይ የወሰደን ሰው የሚያድነውን የናሎክሶን መድኃኒት አሰጣጥ ይሠልጥኑ። በተጨማሪም ለዓመታት ሲጠጣ ኖሮ በድንገት ያቆመ ሰው ሲንቀጠቀጥ፣ ሲጥለው ወይም የሌለ ነገር ሲያይ ቦታው ሆስፒታል መሆኑን ይወቁ። እዚያ ላይ ማበረታቻ አይሠራም።

ነባር አባል፦
ይሁን፤ አንቀጹ ይግባ። ልቤ ባይቀበለውም ሰው እንዲሞት ምክንያት መሆን አልፈልግም።

የቤተሰብ ተወካይ፦
እኔ እንደ እናት ልጠይቅ። ልጄ ለደጋፊው የነገረውን እኔ እሰማለሁ ወይስ አልሰማም?

ያገገመ አባል፦
እናቴ፣ አይሰሙም። የሚሰሙ ከሆነ አይናገርም። ሕይወቱ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ ግን ደጋፊው ለማን እንደሚደውል ገና ከመጀመሪያው ቀን ከልጅዎ ጋር ይስማማል፤ የእርስዎም ስልክ በእሱ ፈቃድ እዚያ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

የቤተሰብ ተወካይ፦
ይከብደኛል፤ ግን ገብቶኛል። እንግዲያው ለእኛ ለቤተሰቦችም የምንነጋገርበት ለብቻው ይዘጋጅልን።

ገንዘብ ያዥ፦
ይዘጋጅ። እኔ አጭር ነገር አለኝ፦ ለደጋፊዎች የትራንስፖርትና የስልክ ወጪ ይሸፈን፤ ደጋፊው ግን ለሚደግፈው ሰው አያበድርም፣ አይበደርም፣ ቤቱም አያሳድርም። ይህ በግልጽ ካልተጻፈ ዓመት ሳይሞላ በገንዘብ የተኳረፉ ሰዎችን ስናስታርቅ እንከርማለን። ደጋፊው ራሱ ሱሱ ያገረሸበት እንደሆነስ? ይሰናበት?

ነርስ፦
ማሰናበት ማለት «ሲያገረሽብህ ደብቅ» ማለት ነው። በአንድ የታወቀ የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ ጽሑፍ፣ ከሕክምና በኋላ ማገርሸት ከ40 እስከ 60 በመቶ እንደሚደርስና ይህም ከደም ግፊትና ከአስም ብዙ እንደማይለይ አስረድቷል። ግፊቱ ተነሣበት ተብሎ ከክሊኒክ የተባረረ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ያገገመ አባል፦
መፍትሔው ለአንድ ሰው ሁለት ደጋፊ መመደብ ነው። አንዱ ቢወድቅ በዚያው ቀን ሌላው ይረከባል፤ የወደቀው ደግሞ ተደጋፊ ሆኖ ይቀጥላል። ሰው ከማኅበሩ ወጣ አይባል።

ጸሐፊ፦
እንግዲህ እስካሁን የተስማማንበትን አስገብቻለሁ።

አንቀጽ 1፦ ሁለት ደጋፊዎች ታካሚው ከመውጣቱ በፊት በአካል ይተዋወቁታል፤ ከመካከላቸው አንዱ በሚወጣበት ቀን ይቀበለዋል፤ በመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ፣ ከዚያም እየተራራቀ ይገናኛሉ፤ ወደ መጀመሪያው ሳምንታዊ ስብሰባ አብረውት ይሄዳሉ።
አንቀጽ 2፦ ምስጢር መጠበቅና ወሰኑ።
አንቀጽ 3፦ መድኃኒት፣ ናሎክሶንና ወደ ሆስፒታል መላክ።
አንቀጽ 4፦ የገንዘብና የማደሪያ ክልከላ፤ የደጋፊዎች ወጪ።
አንቀጽ 5፦ ያገረሸበት ደጋፊ ኃላፊነቱን ያስረክባል፤ አባልነቱ ይቀጥላል።
አንቀጽ 6፦ የቤተሰቦች ስብሰባ።

ያልተቋጨው ደጋፊ ለመሆን ከሱስ ርቆ ምን ያህል ጊዜ መቆየት ያስፈልጋል የሚለው ነው። በስልክ ካነጋገርኳችሁ ገሚሶቹ አንድ ዓመት፣ ገሚሶቹ ሁለት ዓመት ብላችኋል። በሁለት ዓመቱ ከጸና በቂ ደጋፊ አናገኝም ብዬ እሰጋለሁ፤ ውሳኔው ግን የእናንተ ነው። እስከ ዓርብ ድምፃችሁን ስጡ። ነርሷ አንቀጽ 3ን ብትጽፍልኝ፣ ጋሼም ከኮሚቴው ፊት ቀርበው ቢያስረዱልን ደስ ይለኛል።

ነባር አባል፦
እኔ አስረዳለሁ። አንቀጽ 3ን ግን እሷው ታስረዳ።