የሰፈር ፕላን ስናዘጋጅ የተከራዮችን ሐሳብ እንዴት እናግኝ?

ሰላም ወገኖች። የምጽፈው ከኮምቦልቻ ነው። የሰፈራችን ቅሬ (እድር) ጸሐፊ ነኝ።

ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ሰፈራችን በጣም ሰፍቷል። ድሮ ማሽላ የሚዘራበት ቦታ ዛሬ በየግቢው የኪራይ ክፍል ነው። ስለዚህ ሦስት ቅሬዎች ተሰባስበን ሰፈሩ ለቀጣዩ አሥር ዓመት የሚያስፈልገውን ራሳችን ጽፈን ለከተማው ልናስገባ ተነሳን። በከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መሠረት ከመዋቅራዊ ፕላኑ፣ ማለትም ከከተማው አጠቃላይ ፕላን ሥር፣ አንድን ሰፈር በዝርዝር የሚመለከት የአካባቢ ልማት ፕላን አለ። ሐሳባችን እዚያ እንዲገባ ነው የምንፈልገው።

በእጅ የተሳለ ካርታ አለን። ወደ ቦርከና ወንዝ የሚወርደው ጎርፍ በክረምት የሚቆርጠው መንገድና ክፍት ቦታዎቹ ተለይተዋል።

የቸገረን የተከራዮቹ ነገር ነው። አብዛኞቹ በፈረቃ የሚሠሩ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ የቅሬ አባል አይደሉም። እሁድ ጠዋት ስብሰባ ጠራን፣ ሁለት ብቻ መጡ። መጠይቅ በአከራዮች በኩል ላክን። ሲመለስ የአንድ ግቢ መልስ ሁሉ አንድ የእጅ ጽሑፍ ነው፤ አከራዩ ራሱ ሞልቶታል።

የመጡት ሁለቱ ልጆች ግን እኛ አንድም ቀን ያላነሳነውን ተናገሩ። አንዷ ማታ ከሥራ ስትመለስ መብራት የሌለበትን መንገድ፣ ሌላዋ የሕፃናት ማቆያ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም። አንዳንድ ሽማግሌዎች «ነገ የሚሄዱ ሰዎች ናቸው» ይላሉ። እኔ አልስማማም። እነሱ ቢሄዱ ክፍሉን ሌላ ሠራተኛ ይከራየዋል፣ መንገዱም ያው ጨለማ ነው።

ሰነዱን ጥቅምት ላይ እናስገባለን። እንዲህ ዓይነት ሥራ የሠራችሁ ካላችሁ፣ የተከራዮችን ሐሳብ በአከራዮቻቸው በኩል ሳያልፍ፣ ለፈረቃቸውም በሚመች መንገድ እንዴት ሰበሰባችሁ?