የሀዋሳ ብር፦ ነዋሪው አብሮ ይቁጠር ወይስ ለባለሙያ ይተው?

የአቶቴ ልጅ፦
ሰላም የሀዋሳ ልጆች። አንድ ጉዳይ ላንሳ፣ በተለይ ሂሳብ የምታውቁ ዝም ብላችሁ እንዳታልፉ። በቤትና በመሬት ይዞታ ላይ የሚጣለው የንብረት ታክስ አዋጅ ጥር 2017 በተወካዮች ምክር ቤት ከጸደቀ ወዲህ የሰፈር ወሬ ሁሉ «ስንት ይመጣብን ይሆን?» ሆኗል። እኔን የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። ብሩ ከተሰበሰበ በኋላ ምን ላይ እንደዋለ ማን ቆጥሮ ያሳየናል? ሰሞኑን ለመታወቂያ ጉዳይ አንድ ቀበሌ ሄጄ ነበር። ወረፋ ስጠብቅ ግድግዳው ላይ በጀት የሚለጠፍበትን ባለመስታወት ሰሌዳ አየሁት። ወረቀቱ ፀሐይ በልቶት ነጥቷል። የሚነበበው «ጠቅላላ ድምር» የሚለው ብቻ ነው፣ ቁጥሩ እንኳን ጠፍቷል። ዓመተ ምሕረቱን ተጠግቼ ሳየው ሦስት ዓመት ያለፈው ነው። ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ብጠይቅ የሚያውቅ ሰው ጠፋ። ስለዚህ ሀሳቤ ይኸው፦ በየክፍለ ከተማው ሂሳብ የሚችሉ ነዋሪዎች ያለ ክፍያ ከገንዘብ መምሪያው ጋር ቁጭ ብለው ገቢና ወጪውን ይከታተሉ። ምን ትላላችሁ?

ሂሳብ ሠራተኛ፦
ወንድሜ ቅንነትህ ገብቶኛል፣ ግን አልስማማም። መንግሥት መሥሪያ ቤት ሂሳብ ላይ 14 ዓመት ሠርቻለሁ። በጀት የሚያጸድቅ ምክር ቤት አለ፣ የውስጥ ኦዲት አለ፣ ከላይ የክልሉ ዋና ኦዲተር አለ። ሰነድ ላይ የሚፈርመው ሠራተኛ ነው፣ ነገር ቢበላሽ የሚጠየቀውም እሱ። የማይፈርም፣ የማይጠየቅ ሰው አጠገቡ ቆሞ «ይሄን ክፈል፣ ያንን አትክፈል» ካለው ሥራው ይቆማል። ሌላም ነገር አለ። የከተማ ገንዘብ ሁለት ኪስ ነው። አንደኛው የመንግሥት ገቢ ነው፣ የደመወዝ ግብር፣ የንግድ ትርፍ ግብር፣ እንደዚህ ያለው። ሁለተኛው የማዘጋጃ ቤት ገቢ ነው፦ ሊዝ፣ የቦታ ኪራይ፣ የጣራና ግድግዳ ግብር፣ የቄራ፣ የመናኸሪያ፣ የገበያ ቦታ ክፍያ። የመምህርና የጤና ባለሙያ ደመወዝ ከመጀመሪያው ነው የሚወጣው፣ መንገዱና የጎርፍ ቦዩ ደግሞ በአብዛኛው ከሁለተኛው። ይሄን ሳይለዩ ጠቅላላውን አይቶ «ይሄ ሁሉ ብር የት ገባ?» ማለት ሰውን ማስቆጣት ብቻ ነው።

ባለሱቋ፦
እሺ ወንድሜ፣ ኪሱ ሁለት ይሁን። እኔ የማውቀውን ልንገርህ። ሰፈራችን ኮብልስቶን እንዲነጠፍ ከየቤቱ አዋጥተናል። እኔ ራሴ ደብተር ይዤ ቤት ለቤት ዞሬያለሁ፣ የከፈለውንም ያልከፈለውንም በስም ጽፌያለሁ። መንገዱ ተነጠፈ፣ ደስ አለን። በዓመቱ የውሃ መስመር ሊቀበር ተቆፈረ። ድንጋዩን ነቅለው አጥር ሥር ከመሩት። ይኸው እስከ ዛሬ እዚያው ነው፣ ሣር በቅሎበታል። ክረምት ሲመጣ ባጃጅ አይገባም፣ ዕቃዬን ከአስፋልቱ ጀምሮ በሸክም ነው የማስገባው። የቆፈረው መሥሪያ ቤት «መልሶ መንጠፍ የኛ በጀት አይደለም» አለኝ። ወደ ሌላው ሄድኩ፣ «ያልቆፈርነውን አንነካም» አለኝ። አሁን ንገረኝ፣ ይሄ ከየትኛው ኪስ ነው የሚወጣው? ስለማላውቅ አይደለም የምጠይቀው፣ የሚመልስልኝ ስላጣሁ ነው።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ ያነሳችው ነገር የነገሩ ሥር ነው። ለአዲስ ግንባታ ሪባን ይቆረጣል፣ ለጥገና የሚቆረጥ ሪባን የለም። ስለዚህ ጥገና በበጀቱ ውስጥ ሁሌም የመጨረሻው ነው። የሀይቅ ዳሩን ቦይ እዩት። ሀይቃችን መውጫ የሌለው ሀይቅ ነው። በጎርፍ የገባ ላስቲክ እዚያው ይቀራል። ግንቦት ላይ ቦይ ለማስጠረግ የሚመደብ ብር ከተነፈገ ዋጋውን ሀይቁ ዳር አሞራ ገደል ገበያ ዓሣ የሚሸጠውም የሚበላውም ይከፍለዋል።

ታክሱን በተመለከተ ግን ከብዙዎቻችሁ እለያለሁ። መክፈል አለብን። የጣራና ግድግዳ ግብር ስንከፍል የኖርነው በ1968 በወጣው አዋጅ ቁጥር 80 መነሻነት ነው። በዚያ ዘመን የነበረችውን ሀዋሳ እኔ አውቃታለሁ፣ የዛሬዋ ሌላ ናት። ከተማው ክፍተቱን ሲሸፍን የኖረው መሬት በሊዝ እየሸጠ ነው። ይሄ የዘር እህል መብላት ነው። አንድ ቦታ አንዴ ከተሸጠ አለቀ፣ መንገዱ ግን በየዓመቱ ይጠገናል።

ደግሞ «ለነዋሪ ደብተር መክፈት አይቻልም» አትበሉኝ። በ2000 ዓ.ም. የዓለም ባንክ የከተሞች ፕሮግራም በ19 ከተሞች ሲጀመር ሀዋሳ አንዷ ነበረች። በ2010 የተጀመረው ተከታዩ 117 ከተሞችን አካትቶ 600 ሚሊዮን ዶላር የተያዘለት ነበር። ከተሞቹ ገንዘቡን ለማግኘት በየዓመቱ ይመዘኑ ነበር፦ ሂሳብህ በወቅቱ ኦዲት ተደርጓል ወይ፣ የካፒታል ኢንቨስትመንት ዕቅድ አለህ ወይ፣ የራስህን ገቢ አሳድገሃል ወይ። ለአበዳሪ የተከፈተ ደብተር ለከፋዩ ነዋሪ የሚዘጋበት ምክንያት አይታየኝም።

ተከራይ፦
እኔ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው የምሠራው። ለአራት ሆነን አንዲት ክፍል ተከራይተናል። ሁላችሁም ስለ ቤት ባለቤት ታወራላችሁ። ታክሱ ሲመጣ አከራያችን ኪራይ ላይ እንደሚጨምረው ሳይታለም የተፈታ ነው። ከደሞዜ ግብር ሳልነካው ይቆረጣል። ስለዚህ እኔም ከፋይ ነኝ። ኮሚቴ ካላችሁ ተከራይ ይኑርበት፣ ካልሆነ ባለ ግቢዎች የራሳቸውን በር ብቻ ነው የሚያስነጥፉት።

የታቦር ልጅ፦
ኮሚቴ ኮሚቴ አትበሉ በናታችሁ። ገና ሲቋቋም አበል ይጠየቃል፣ ቀጥሎ ለወንበሩ ሰው የሚመርጥ ይመጣል፣ በስድስት ወር ውስጥ አንዳቸውም እውነቱን አይነግሩህም። ሕጉ እያለ ኮሚቴ ምን ያደርጋል? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል። የመረጃ ነፃነት አዋጁ፣ ቁጥር 590/2000፣ ማንም ሰው መረጃ በጽሑፍ መጠየቅ እንደሚችልና ቢዘገይ በ30 ቀን ውስጥ መልስ ማግኘት እንዳለበት ይደነግጋል። ማንን ታስፈቅዳላችሁ?

ሂሳብ ሠራተኛ፦
በዚህ እስማማለሁ፣ እንዲያውም ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ልንገራችሁ። የጸደቀውን በጀት ብቻ አትጠይቁ። በጀት ሀሳብ ነው። የሩብ ዓመቱን የወጪ ሪፖርት ጠይቁ፣ የካፒታሉን፣ ማለትም የግንባታውን፣ ከመደበኛው፣ ማለትም ከደመወዝና ከዕለት ሥራ ወጪው፣ ለይቶ። ብር የሚባክነው በስርቆት ብቻ አይደለም። ውስጡ ስለነበርኩ አውቀዋለሁ፣ ያመኛልም። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይከፈታል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። ጨረታው ይጓተታል፣ ታኅሣሥ ያልፋል፣ መጋቢት ያልፋል፣ ግንቦት ላይ ኮንትራት ይፈረማል፣ ከዚያ ዝናብ ይገባል። ያልተሠራበት ብር እንዳይመለስ ሲባል በሰኔ የማያስፈልግ ወንበርና ወረቀት ይገዛል። ሰኔ 29 ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ቢሮ ቁጭ ብዬ የክፍያ ሰነድ ያዘጋጀሁበት ጊዜ አለ፣ ከፊሉ ያላየሁት ዕቃ ነበር። ነዋሪ ጥር ላይ «የካፒታሉ ስንት በመቶ ወጣ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ እኔ ራሴ አለቃዬን የምሞግትበት ጉልበት አገኝ ነበር። አጠገቤ ቆማችሁ እንድትፈርሙ አልፈልግም። በጊዜው እንድትጠይቁ ግን እፈልጋለሁ።

የአቶቴ ልጅ፦
ይሄን ስሰማ ሀሳቤን ቀየርኩ። ኮሚቴው ይቅር። ሂሳብ የምትችሉ ግን አትቅሩ፣ ሪፖርቱ ሲመጣ ለኛ በሚገባ አማርኛና በሲዳምኛ አስረዱን። ደብዳቤውን እኔ እጽፋለሁ። ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ ያለፈው ዓመት የተዘጋ ሂሳብ፣ የዘንድሮ ካፒታል አፈጻጸም፣ ለመንገድና ለቦይ ጥገና የተመደበው።

ባለሱቋ፦
አራተኛ ጨምር። ተቆፍሮ ያልተመለሰ መንገድ የማን በጀት እንደሆነ። ደብዳቤው ሱቄ ይቀመጥ፣ መፈረም የሚፈልግ እስከ እሑድ ይምጣ። ሰኞ ጠዋት ራሴ ወስጄ መዝገብ ቤት አስገባዋለሁ፣ ቁጥርና ቀን ሳያስመቱልኝ አልወጣም።

ተከራይ፦
እሑድ ከሰዓት ነው ፈረቃዬ የሚያበቃው። አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ አትዝጊ እህቴ፣ አራታችንም እንፈርማለን።